ዋሻ የሌለበት የፍጥረት ታሪክ

አባዬ፣

አፈር ካለበስንህ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ ሳትናፍቀኝ ቀርተህ አይደለም፤ ተቀይሜህ ነበር። ቅያሜዬ ያለቀው ባለፈው ወር ነው። እንዴት እንዳለቀ ልነግርህ ተቀመጥኩ።

በአማርኛ መጻፌን ይቅር በለኝ። አንተ ከገበያ አማርኛ በቀር አታውቅም ነበር፤ እኔ ደግሞ የቤታችንን ቋንቋ አፌ እንጂ እጄ አልለመደውም። አሁን ካለህበት ሁሉም ቋንቋ ይሰማል ብዬ ልመን። የምጽፈው በተማሪ ደብተር ላይ ነው፤ ሰው ድንገት ቢገባ የትምህርት ዝግጅት ይመስላል። የአንዳንድ ሰዎችንም ስም አልጠራም። አንተ ታውቃቸዋለህ፤ ሌላ ሰው ማወቅ የለበትም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ኦቾሎ ያለው ቤታችን ቆሟል፤ የሣር ክዳኑ ግን በነፋሱ በኩል ረግቧል፣ በዚህ ክረምት ማፍሰሱ አይቀርም። አክስቴ ቦጋለች ብቻዋን ነው ያለችው። ማርቆስ ወንድሜ ካምባ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ በየሰው ቤት ተራ እየገቡ ይጸልያሉ፤ መዝሙሩን በሹክሹክታ ነው የሚዘምሩት ይባላል። እኔን ወደ ጫኖ አዛውረውኛል። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሆኜ ቀና ስል ከሙዙና ከማንጎው በላይ ሸንተረራችን ይታየኛል፤ ምሳዬን የምበላው ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። ሊቀመንበሩ ዛሬም የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ዱቡሻ አሁንም ይቀመጣል። አንተ ትቀመጥበት በነበረው ድንጋይ ላይ አይደለም፤ ከጎኑ ነው። ንቆት ይሁን ፈርቶት አላውቅም።

ከአንተ በኋላ ቀድሞ የዘራ ሰው የለም። ሁሉም በየፊናው፣ ጎረቤቱን በዓይኑ ጥግ እያየ፣ ሌላው ሲጀምር ጀመረ። ገብሱ ግን በቅሏል። ይህን ሳልነግርህ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ።

አባዬ፣ እኔንና ማርቆስን ከጉልበትህ ሥር አስቀምጠህ የነገርከንን ታስታውሳለህ? መጀመሪያ ውኃ ብቻ ነበር አልከን። ዐባያ ዛሬ ካለበት ተነሥቶ እስከ ሰማይ ሞልቶ ነበር። ፈጣሪ ውኃውን ወደ ታች ሲያጎድለው ቀድሞ ብቅ ያለው የእኛ ሸንተረር ነው። ከሸንተረሩ ጎን ካለው ዋሻ አንዲት ሴት ወጣች፤ በቀኝ እጇ የገብስ ዛላ፣ በግራዋ ፍም ይዛ። ፍሙ አላቃጠላትም። ገብሱን ዘራች፣ ልጆች ወለደች፣ ልጆቿ ሲበዙ "እኔ ደክሞኛል" ብላ ወደ ዋሻው ተመልሳ ተኛች። ከመግባቷ በፊት ለበኩር ልጇ "የዘር ጊዜ ሲደርስ አንተ ብቻ ገንፎ ይዘህልኝ ና። ሌላ ሰው ከቀሰቀሰኝ ውኃውን መልሼ እጠራዋለሁ" አለችው። የዚያ የበኩር ልጅ ዘር እኛ ነን።

ማርቆስ "ውኃው ከመጣ ወዴት እንሸሻለን?" ብሎ አለቀሰ። እኔ ደግሞ "ገንፎውን ማን ነው የሚበላው?" አልኩህ። ሳቅክና "አንቺስ ዳኛ ትሆኛለሽ" አልከኝ።

በዚያች ሴት ታሪክ መንደሩ ሁሉ ይኖር ነበር። አንተ በዱቡሻው ላይ ቆመህ ታሪኩን ሳትናገርና እፍኝ ገብስ ሳትበትን ማንም መሬቱን አይነካም። ከዋሻው በላይ ካለው ጫካ ጭራሮ እንኳ አይለቀምም። ሴቶች ውኃ ሲቀዱ በዋሻው ሥር በሚያልፈው አቋራጭ አይሄዱም፤ እንስራ ተሸክመው ኮረብታውን ይዞራሉ። የተጣሉ ወንድማማቾች ሳይታረቁ አይዘሩም፤ የአንዲት እናት ልጆች ናቸውና ዘራቸው አይበቅልም ይባላል። ይህን ያፈረሰ ሰው ጎሜ ይይዘዋል፤ ክልክል የማፍረስ መዘዝ በራሱ ላይ፣ በከብቱ ላይ፣ አብሮት በበላው ሰው ላይ ይወርዳል። ለጎሜ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በዱቡሻ ቆሞ በአደባባይ መናዘዝ።

እኔ መምህርት ሆኜ ተመለስኩ። ጠዋት ጠዋት መሬት ከፀሐይ እንዴት እንደተገነጠለች አስተምራለሁ። ማርቆስ ማታ ኦሪት ዘፍጥረትን ያነብባል። አንተ በመካከላችን ተቀምጠህ የጥጥ ፍሬ ትለቅማለህ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ዓይነት የዓለም መጀመሪያ ይዘን አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም ነበር። እስከዚያ በጋ ድረስ።

ጥርጣሬዬ የጀመረው ከገንፎው ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ ለዘር ብቻ ትሄድ የነበርከው ሰውዬ በየሳምንቱ መሄድ ጀመርክ። በጣባ የነበረው ገንፎ በገበቴ ሆነ። ቆጮ ተጨመረ፣ ቦይና የምንለው ሥራ ሥር ተጨመረ። አክስቴ ቦጋለች አንድ ቃል ሳትተነፍስ ታበስላለች። ዕቃው ተልሶ የታጠበ መስሎ ይመለሳል። አንድ ቀን ደግሞ እናቴ ፈትላ ያሠራችው ቡሉኮ ከመደቡ ላይ ጠፋ። ስጠይቅህ ፊትህን ሳታዞር "እናት አርጅታለች፤ አሁን ቶሎ ቶሎ ይርባታል፣ ይበርዳታልም" አልከኝ።

አላመንኩህም። ማርቆስ ሰይጣን ትመግባለህ ብሎ ይጾምልህ ነበር፤ በኋላም ካምባ ሄዶ የራሱን ቤት ያዘ። የእኔ ከእርሱ ይብሳል፤ አንተው ትበላዋለህ ብዬ ነበር ያሰብኩት። በአያት ቅድመ አያት ስም ቤተሰቡን አስርበህ ከዋሻ ውስጥ ተቀምጠህ ገንፎ ስትውጥ ታየኝ። ይህን ሳስብ አንገትህ እየቀጠነ፣ ልብስህ ከትከሻህ እየወረደ ነበር። የሚበላ ሰው አይከሳም። ይህን ለማወቅ መምህርነት አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ጥርጣሬዬን ወድጄው ነበር።

አንድ ቀን ተከተልኩህ። መታጠፊያው ድረስ። አንተ ቆመህ ወደ ኋላ ለረጅም ጊዜ አየህ፤ እንደሚጸልይ ሰው አይደለም፣ እንደ ሌባ። ከድንጋይ ጀርባ ተለጠፍኩ። ስትሄድ ልነሣ አልኩ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። መሬት ከፀሐይ ተገነጠለች የምትለው መምህርት በዋሻው አቋራጭ አንድ እርምጃ መራመድ አቃታት። ተመልሼ ቤት ገባሁና በአንተ ይበልጥ ተናደድኩ።

ጊዜው ልጆች ለብሔራዊ ውትድርና ከገበያና ከመንገድ የሚለቀሙበት ጊዜ ነበር። ጎረቤታችን ሸማኔው የበኩር ልጁን አዲስ አበባ ለሽመና ልኬዋለሁ ይል ነበር። ሌሎችም እንዲሁ ይሉ ነበር። ሊቀመንበሩ ኮታ ጎድሎበት በየቤቱ እየዞረ የተነጠፈውን መኝታ ይቆጥራል። ሰው ከሰው ጋር ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ሁሉ ደግሞ ይጠረጠራል።

ከዚያ ያ እንግዳ ከአርባ ምንጭ መጣ። ከሰሜን የመጣ፣ መነጽር ያደረገ ወጣት ባለሥልጣን ነበር። ጎጂ ልማዶችን አጠናለሁ አለ። ለሽማግሌ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ውኃ ሲሰጡት በሁለት እጁ ይቀበላል። ዛሬም ክፉ ሰው ነበር ብዬ አልምልም። ግን ለምን ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ የእኛን ታሪክ ጠየቀ? ማን ነገረው? ሊቀመንበሩ አማርኛዬ አይበቃም ብሎ እኔን አስተርጓሚ አደረገኝ። ኮራሁ፣ አባዬ። እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቃልህን ቃል በቃል የማሻግር እኔ በመሆኔ ኮራሁ።

በዱቡሻው ድንጋይ ላይ ቆመህ ጀመርክ። ውኃ ብቻ ነበር አልክ፤ ተረጎምኩ። ሸንተረራችን ቀድሞ ብቅ አለ አልክ፤ ተረጎምኩ። ከዚያ "አንድ ሰው በመብረቅ ገመድ ከሰማይ ወረደና በዚህ በቆምኩበት ድንጋይ ላይ አረፈ" አልክ።

አፌ ቆመ። ሴትዮዋ የለችም። ዋሻው የለም። በሕይወትህ ሙሉ አንድ ቃል ሳታዛንፍ የተናገርከውን፣ እኔ ማታ ማታ እየተኛሁበት ያደግኩትን ታሪክ፣ ለአንድ መነጽር ላደረገ ሰው ለውጠህ ተናገርክ። ሽማግሌዎቹን አየሁ። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። አንዳቸውም አልተቃወሙህም።

በቋንቋችን "አባዬ፣ ዋሻውን ዘለልከው" አልኩህ።

አየኸኝ። እንዲያ አይተኸኝ አታውቅም። "ለሕፃን የሚነገር አለ፣ ለአዋቂ የሚነገር አለ። እንደሰማሽው ንገሪው" አልከኝ።

እንግዳው "ምን ተባባላችሁ?" አለኝ። "ቀስ ብሎ እንዲናገር ነግሬው ነው" አልኩት። ይህን ያህል አዳንኩህ፤ ከዚህ በላይ ግን አላዳንኩህም። ሊቀመንበሩ ቋንቋችንን ይሰማላ። ፈገግ ብሎ ነበር።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ወደ ዋሻው ወሰዱህ፤ እኔም ለማስተርጎም ተከተልኩ። ሊቀመንበሩና ሁለት ታጣቂዎች ከበራፉ ደርሰው ቆሙ። ልብ አልኩት፤ ትናንት አጉል እምነት ይቅር ብሎ የጮኸው ሰውዬ ዛሬ በራፉን አልረገጠም። የገባው እንግዳው ብቻ ነው። ጥቂት ቆይቶ የእናቴን ቡሉኮ ክንዱ ላይ ጥሎ፣ በሌላው እጁ አራት ቅሎች ይዞ ወጣ። ትኩስ አመድ አለ አለን።

"ይህ የማን ነው?" አለህ።

"የእናት ነው" አልከው። "ይበርዳታል።"

"አራቱ ቅልስ?"

"አራት ልጆች ነበሯት። ሊጠይቋት ቢመጡ በምን ይጠጣሉ?"

ተረጎምኩ። ልጆቿ ስንት እንደነበሩ ግን ነግረኸን አታውቅም ነበር። እንግዳው ፈገግ ብሎ ጻፈ። ሊቀመንበሩ ቅሎቹን በጣቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ቆጠረ።

ሕዝብን በአጉል እምነት ማታለል የሚል ክስ ተለጥፎብህ አርባ ምንጭ ሁለት ወር ታሰርክ። ስንቅ ይዤ ስመጣ በአጥሩ ሥር አገኝሃለሁ። ገብሱን ትጠይቀኛለህ፣ ዝናቡን ትጠይቀኛለህ፣ የክዳኑን ሣር ትጠይቀኛለህ። እኔ "ማን ነበር እዚያ?" ስልህ አንተ "ምድሩ ረጠበ ወይ?" ትለኛለህ። ዘበኛው ከአጠገባችን ቆሟል፤ ስለ እርሱ ነው ዝም ያልከው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስትፈታም ግን ዝም አልክ። ሳል ይዘህ መጣህ፣ እግርህ አብጦ መጣህ።

እኔን ደግሞ መንደሩ ይጠረጥረኝ ጀመር። የመንግሥት ደመወዝ እበላለሁ፣ በዱቡሻው ላይ "ዋሻውን ዘለልከው" ያልኩትም እኔ ነኝ። ስገባ ወሬ ይቆማል። የሸማኔው ሚስት ሰላምታዬን በትከሻዋ ትመልሳለች። ከሁሉ የከፋኝ አክስቴ ነበረች። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ፣ ከአፏ አውጥታ ያጎረሰችኝ ሴት ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ መብላት ተወች። ምግቤን አቅርባልኝ ጓዳ ትገባለች። ሳጎርሳት እጄን ገፋችው። እሷም አባቷን የሸጠች ብላ ጠረጠረችኝ አልኩ።

በመጨረሻው ቀን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማርቆስ ውጪ ይጸልያል። እጅህን ይዤ "አባዬ፣ አሁን እንኳ ንገረኝ። በዋሻው ውስጥ ማን ነበር?" አልኩህ።

"እናት ነበረች" ብለህ ወደ ግድግዳው ዞርክ።

ቅያሜዬ ይህ ነው። አልቅሼ ቀበርኩህ፤ በልቤ ግን ልጄ ናት ብሎ ያላመነኝን ሰው ነው የቀበርኩት እል ነበር።

ባለፈው ወር ቅዳሜ ቀን በጫኖ ገበያ ሙዝ ስመርጥ አንድ ጢማም ሰው አጠገቤ ቆመ። ሲያየኝ ዓይኑን ሰበረ። ስሄድ ተከተለኝ። ሰላይ ነው ብዬ ወደ ሰው መሃል ገባሁ፤ ከሰው መሃል ገባ። በመጨረሻ ዞር ብዬ "ምን ትፈልጋለህ?" አልኩት። "አላወቅሽኝም? ቡሉኮውን አባቴ ነው የሸመነው" አለኝ። የሸማኔው ልጅ ነበር። አዲስ አበባን በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው የመስኖ ቦይ ዳር ቁጭ ብለን ነገረኝ። አራት ነበሩ። ዘመቻውን ሸሽተው ጫካ ለጫካ ሲንከራተቱ አንተ አገኘሃቸው። ዋሻው ውስጥ አስገብተህ "እዚህ ማንም አይመጣባችሁም፤ ከእኔ በቀር የሚገባ ሰው ከዓለም መጀመሪያ ጀምሮ የለም" አልካቸው። አንደኛው፣ የአባቶችን ክልክል የሚፈራ ልጅ፣ አልገባም ብሎ በራፉ ላይ ተቀመጠ። "የእናት ልጅ አይደለህም እንዴ? ልጅ እናቱ ቤት ሲገባ ማን ይከለክለዋል?" ብለህ እጁን ይዘህ አስገባኸው አለኝ። ሰባት ወር ቀለብካቸው።

ለምን ለእኔ አልነገረኝም አልኩት። እነርሱም ጠይቀውህ ነበር። "ልጅቷ ተምራለች፣ የመንግሥትን ነገር ታውቃለች፣ ለምን አትረዳንም?" ብለውህ ነበር። አንተ ምን አልካቸው? "ልጄን ውሸት አላስተማርኳትም። ተርጉሚ ካሏት ያለውን ሁሉ ትተረጉማለች። የማታውቀውን ግን ማንም አይወስድባትም።"

አባዬ፣ ይህን ቃልህን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

ቀጥዬ ጠየቅኩት፤ እንግዳው ሲገባ እናንተ የት ነበራችሁ? ገርሞት አየኝ። "እንዴ፣ አክስትሽ አልነገረችሽም?" አለ። የዱቡሻው ዕለት፣ እኔ ያንን ቃል ከአፌ እንዳወጣሁ፣ ቦጋለች ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ ሄደች። የእንሰት ቅጠል ተሸክማ፣ በሴት እግር ተረግጦ በማያውቀው አቋራጭ ሄዳ፣ በዋሻው በራፍ ላይ ቆማ በየስማቸው ጠራቻቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አውጥታ ወደ ካምባ ለሚሄዱ ነጋዴዎች አስረከበቻቸው። ነጋዴዎቹ ማርቆስ ቤት አደረሷቸው። ማርቆስም ያውቅ ነበር ማለት ነው! ያ ሰይጣን ትመግባለህ ብሎ ይጾምልህ የነበረው ወንድሜ አራቱን ከአንድ ወር በላይ አኑሯቸዋል። ጠርጥሬ ያልጠረጠርኩት ይህን ብቻ ነው።

በማግሥቱ እሑድ ወደ ኦቾሎ ወጣሁ። አክስቴ ደጅ ላይ ቦይና ትልጥ ነበር። "አውቄያለሁ" አልኳት። ቢላዋዋን አስቀመጠች። ልጄ ይቅር በይኝ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እሷ ግን "ራቅ በይ" አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ያልበላችው ጠርጥራኝ አልነበረም። ራሷን ጠርጥራ ነው። የእናትን ክልክል ያፈረስኩ ሴት እኔ ነኝ፣ በሁለተኛው ወር ወንድሜ ታሞ ከእስር ወጣ፣ በሦስተኛው ሞተ፤ ጎሜው የእኔ ነው ብላ ታምናለች። አብሯት የበላ እንዳይነካው፣ እኔ እንዳልነካ፣ ለብቻዋ ጓዳ ገብታ ትበላለች። እንዳትናዘዝ ሊቀመንበሩ በዱቡሻው ተቀምጧል፤ ኃጢአቷን በአደባባይ ብትናገር አራት ልጆች፣ ነጋዴዎቹ፣ ማርቆስ ሁሉም ያልቃሉ። ስለዚህ ገደልኩት የምትለውን ወንድሟን በሆዷ ይዛ ትኖራለች።

"አክስቴ፣ አባዬን የገደለው እስር ቤቱ ነው" አልኳት። "ስለ ሳንባ፣ ስለ እርጥበት፣ ስለ ቅዝቃዜ ልንገርሽ?" ነገርኳት። በትህትና ሰማችኝ፤ አንዱም አልደረሳትም። "እስር ቤቱን ማን አመጣበት ታዲያ?" አለችኝ። እኔም ይህንኑ ጥያቄ ስጠይቅ ነው የከረምኩት፤ የእኔ መልስ፣ ያ በዱቡሻው ከአፌ ያመለጠኝ ቃል፣ ግን ከእርሷ ይልቅ ወደ እውነቱ ይጠጋል።

ያን ጊዜ ያደረግኩትን አሁን ልናዘዝልህ። አጠገቧ ተቀመጥኩና እንዲህ አልኳት፤ "አባዬ ሊሞት ሲል አንድ ነገር ነግሮኛል። እናት ወደ ዋሻው ከመግባቷ በፊት የተናገረችው ለበኩር ልጇ ብቻ አይደለም። ለሴት ልጇም በጆሮዋ ነግራታለች። 'ልጆቼ የታደኑ ቀን አንቺ ነይ። በራፉ ላይ ቆመሽ ጥሪኝ፤ አልቆጣም፣ እነቃለሁ' ብላታለች። ይህ ክፍል በዱቡሻ አይነገርም። የሚነገረው ለሴት ብቻ ነው።"

አክስቴ የቦይናውን ልጣጭ ከጭኗ ላይ አራገፈች። ከዚያ "አባትሽ እንዲህ ብሏል?" አለችኝ።

"ብሏል" አልኳት።

ዓይን ዓይኔን እያየች መረመረችኝ። ጠረጠረችኝ፣ አባዬ። እኔ ልጅህ መዋሸት እንደማልችል እሷም ታውቃለች። በመጨረሻ "እውነት ነው፣ በራፉ ላይ ነው የቆምኩት። እግሬን ወደ ውስጥ አላስገባሁም" አለች። ድምፅዋ እንደ ልጅ ቀጠነ። "እናት ተነሽ ብዬም ነበር። ፈርቼ እንዲያው ከአፌ ያመለጠኝ መስሎኝ ነበር።"

ቦይናው ሲበስል በአንድ ጣባ አወጣችው። እጇ ሲደርስ አየሁ፤ ቆረሰች፣ መጀመሪያ ለእኔ አጎረሰችኝ፣ ከዚያ ለራሷ ጎረሰች። ስታኝክ እንባዋ ይወርድ ነበር። እኔም በላሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቋራጩ በሚታይበት በኩል ባለው መደብ ላይ ትቀመጣለች።

ይቅር ትለኛለህ? የዓለምን መጀመሪያ ነካካሁት። ግን ይህን ሳደርግ አንድ ሌላ ጥርጣሬ ገባኝ፤ አሁን ሥራ ፈትቼ የማብላላው እርሱን ነው። አንተ ዋሻውን ከታሪኩ ያወጣኸው ሰው ለማዳን ነው። ታዲያ ዋሻውን መጀመሪያ ወደ ታሪኩ ያስገባው ማን ነው? "ከአንዱ በቀር ማንም አይግባ፤ ምግብ ይዞ ይምጣ" የሚለውን ትእዛዝ መጀመሪያ የተናገረው አንድ ቅድመ አያታችን ባሪያ ፈንጋይ ሲመጣ ልጆቹን እዚያ ደብቆ ቢሆንስ? ሴቶች በአቋራጩ እንዳያልፉ የተከለከሉት የሕፃን ለቅሶ እንዳይሰሙ ቢሆንስ? ማስረጃ የለኝም። አንተን ብጠይቅህ እናት ናት ብለህ ወደ ግድግዳው ትዞር ነበር። ስለ እርሷም አልዋሸኸኝ ይሆናል። ያኔ በዋሻው ውስጥ የነበረውን ነገር ሌላ ምን ብለህ ትጠራዋለህ?

የዘር ጊዜ እየደረሰ ነው። ሽማግሌዎቹ በአክስቴ በኩል ልከውብኛል። ሁለት ዓመት በየፊናቸው ዘርተው ደስ አላላቸውም፤ ወንድማማቾች ሳይታረቁ መዝራት ለምደዋል ይላሉ። ማርቆስ አይናገርም፣ እምነቱ ይከለክለዋል። ሴት በዱቡሻ ትናገር ወይ ብለው ሦስት ቀን ተከራከሩ አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ "መጀመሪያ የዘራችው ማን ሆነችና?" ብሎ ጨረሰው። ቅዳሜ እወጣለሁ።

ሊቀመንበሩ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ሴት ትናገር ሲባል ለምን እንዳልተቃወመም አስቤበታለሁ፤ ምናልባት ምን እንደምል ለመስማት ፈልጎ ይሆናል። ስለዚህ በመብረቅ ገመድ የወረደውን ሰውዬ እናገራለሁ፤ ዋሻ የለም፣ ሴት የለችም። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ እፍኝ ገብስ እበትናለሁ።

ሁለቱንም ታሪክ በልቤ ይዤልሃለሁ፣ ሦስተኛውንም የእኔን። የአራቱንም ልጆች ስም እዚህ ባልጽፈውም በየማታው አንድ በአንድ እጠራዋለሁ፤ የአንተን ደግሞ በመጨረሻ። አንድ ቀን አንድ ልጅ ከጉልበቴ ሥር ተቀምጦ መጀመሪያ ምን ነበር ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ቀና ብዬ በሩ ላይ ማን እንደቆመ አያለሁ። ማንም ከሌለ አንተን ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግረዋለሁ።

ልጅህ